አልተልቅ ያለው ፊደል

ጂንካ ውስጥ የዝውውር፣ የእድገት ወይም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው የመንግሥት ሠራተኛ ብዙው፣ ሳያውቀው የሕዝቅኤል ኤርጎን የጣት ሥራ ተቀብሏል። ስሙ ግን ከደብዳቤዎቹ በአንዱም ላይ የለም። ታይፒስት ዕድሜውን ሙሉ የሚጽፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ሕዝቅኤል በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም፤ እንዲያውም ስሙ የትም ባይነሳ ይመርጣል። ሚስቱ ሙሉሽ «የኔ ባል የገዛ ጥላው ቀድሞት ቢሮ ቢገባ፣ ሰው አለ ብሎ ከበር ይመለሳል» እያለች ትቀልድበታለች። ቀልዷ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ፍርሃቱ ግን ከሜዳ አልበቀለም። ሥራ የተቀጠረው በ1983 ዓ.ም. ደርግ በወደቀ ማግሥት፣ ሃና በምትባል ትንሽ የወረዳ ከተማ ነበር። ጂንካ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ከአንድ ጡረተኛ ጸሐፊ ዘንድ ታይፕ መምታት የተማረ የአሪ ልጅ ነው። ቢሮው ሲደርስ የቀድሞው ጸሐፊ ጥሎ ጠፍቷል፤ የጽሕፈት መኪናው አቧራ ለብሷል። ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች ገቡና ከፋይል ውስጥ አንድ የቆየ ደብዳቤ መዝዘው «ይህን የጻፈው ማነው?» አሉት። የፈረመውን አልጠየቁም። ያዘዘውንም አልጠየቁም። የጠየቁት የጻፈውን ነው። ሕዝቅኤል ግድግዳ ተደገፈ። ሰዎቹ አዲስ ገቢ መሆኑን ሲረዱ ትተውት ወጡ፤ ፍርሃቱ ግን አብሯቸው አልወጣም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ በሩን ገፋ አድርጎ የገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ሊጠይቀው የመጣ ይመስለዋል።

ወደ ጂንካ ሲዛወር የጽሕፈት መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ። ሌሎቹ አንድ ፊደል ፍለጋ ኪቦርዱን ሲያስሱ፣ የእሱ ጣቶች ፓወር ግዕዝ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ በጥቂት ወር ለምደው መሮጥ ጀመሩ። ዐይኑን ወደ ጣቶቹ መላክ አያስፈልገውም። ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ያወቀው በኋላ ነው፣ ዐይኑ መታመም ሲጀምር።

የዐይን ነገር በአባቱም ላይ ደርሷል። ኤርጎ ከካኮ ወዲያ ባለች መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር፤ ሕዝቅኤል ገና ልጅ ሳለ የሁለቱም ዐይኖቹ ብርሃን ጠፋ። ልጅየው የዱላውን ጫፍ ይዞ ካኮ ገበያ ይመራው ነበር። ሕዝቅኤልን እስከ ዛሬ የሚያባንነው የአባቱ ጨለማ አይደለም። የሚያባንነው ገበያተኛው ኤርጎን እንዳላየ አልፎ፣ ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ «አባትህ ማሩን በስንት ይሰጣል?» ማለቱ ነው። አባትየው እዚያው ቆሟል። ጆሮው ደኅና ነው፣ አፉ ደኅና ነው። እሱ ግን እንደሌለ ሁሉ በአናቱ ላይ ያወራሉ። ሕዝቅኤል ሞትን ከሚፈራው አብልጦ ይህን ይፈራል።

አርባን ሲያልፍ የዐይኑ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየተቀለበሰ ይወጋው ጀመር። በአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ጤና ጣቢያዎቹ ትራኮማ ነው ይሉታል፤ የቤቱ መድኃኒት ደግሞ ወረንጦ ነው። እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ሙሉሽ በር ላይ አስቀምጣው፣ ራሱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ የተቀለበሰውን ፀጉር አንድ በአንድ ትነቅልለታለች። ለጥቂት ቀን ይሻለዋል። የተነቀለው ተመልሶ ሲበቅል ግን ጠንክሮ ነው የሚበቅለው።

«አንተ ሰው፣ ሂድና ታይ። ቆዳዋን ትንሽ ቀደድ አድርገው ያቃኑታል አሉ እኮ» ትለዋለች።

«አቧራ ነው» ይላል።

ቢሮም ዕንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ አቧራ ነው። ክረምት ገብቶ ጂንካ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ አቧራ ለመድኃኒት በማይገኝበት ወር እንኳ የሕዝቅኤል አቧራ አይጠፋም። የነጻ የዐይን ሕክምና ዘመቻ መጥቶ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሄዶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እስከ ሐኪም ቤቱ አጥር ድረስ ሄዷል። ሰልፉ ግን ደጅ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ በዚያ ደግሞ የማያልፍ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ተመለሰ። በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ፣ ከሚግጡት ላሞች መሀል አቋርጦ ቤቱ ገባና ለሙሉሽ «ሰልፉ ረዘመ» አላት። በዓመቱ ዘመቻው ደግሞ ሲመጣ እስከ አጥሩም አልሄደም።

እንዲህ እያለ የስክሪኑ ፊደል መደብዘዝ ጀመረ። ያኔ ነው ያን ነገር ያገኘው። አንድ ከባድ ፋይል ከእጁ አምልጦ ኪቦርዱ ጥግ ላይ ወደቀና ኮንትሮል የምትባለዋን ቁልፍ ተጭኖ ተቀመጠ። ሕዝቅኤል ይህን ሳያስተውል የማውሱን ጎማ ወደ ፊት ሲያሽከረክር፣ ገጹ መንቀሳቀሱን ትቶ ፊደሉ ተለቀ። ደግሞ አሽከረከረ፤ ደግሞ ተለቀ። ለዓመታት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው «ጌታ ሆይ!» አለ፣ ለራሱ እስኪሰማው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እጁ ኮንትሮል ላይ፣ ቀኝ እጁ ጎማዋ ላይ ሆነ። ጣቶቹ ይጽፋሉ፤ ጎማዋ ታነብለታለች። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሲሰማ ጎማዋን ወደ ኋላ ጎትቶ ፊደሉን ወደ ልኩ ይመልሳል። የማን ኮቴ እንደሆነ ሁሉ ለይቶ ያውቃል። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል የሚቀመጠው የዕቅድ ባለሙያ፣ የዘሩ፣ ጫማ ተረከዙ ይጎተታል። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ትቀድማታለች። ለእጅ ጽሑፍ ረቂቅም ዘዴ አበጅቷል። ረቂቅ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ይህ ጽሑፍ ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው? ቁጭ በልና አንብብልኝ!» እያለ ይቆጣል። ሰዎቹም ቁጭ ብለው ያነቡለታል። ፈሪው ሕዝቅኤል በዚህ አንድ ነገር ብቻ ቁጡ መስሎ መታየትን ቻለበት።

ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ጎማዋም ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ፊት ትሄዳለች። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ሙሉ አንቀጽ ይታይ ነበር። ቀጥሎ ጥቂት መስመር ሆነ። ኋላ አንድ መስመር ለማንበብ ገጹን ወደ ጎን መግፋት ግድ አለው። እሱ ግን ስንት እንደቀረው አስቦ አያውቅም። ጎማ ክብ ነው፤ ክብ ነገር መጨረሻ ይኖረዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በዚህ መሀል ለቢሮው አዲስ ኃላፊ መጣች፤ ወይዘሮ አስቻለች። ኮቴዋ አይሰማም። ለስላሳ ጫማ ነው የምታደርገው፤ ሕዝቅኤል በሩ ላይ መቆሟን የሚያውቀው ስትናገር ነው። መጥታ ብዙም ሳትቆይ ሠራተኛውን ሰብስባ አዲስ ምደባ እንደሚደረግና እያንዳንዱ ሰው ኮሚቴ ፊት በኮምፒውተር ተቀምጦ እንደሚፈተን ተናገረች። ያለፈ ይመደባል። ያላለፈው ምን እንደሚሆን አልተናገረችም፤ ሕዝቅኤል ግን የዚህን ዓይነት ደብዳቤ ብዙ ስለጻፈ ያውቀዋል። ልጁ ሩሃማ ዩኒቨርሲቲ ናት። ሌላ ገቢ የለም። የዚያን ዕለት ማታ ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

የፈተናው ዋዜማ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ሊለማመድ ማልዶ መጣ። አንድ የቆየ ደብዳቤ ከፈተ። ኮንትሮልን ተጫነ፣ ጎማዋን ወደ ፊት አሽከረከረ። ፊደሉ ተለቀ፣ ተለቀ፣ አንዲት ቃል ስክሪኑን ሞላችው። አሁንም ጭጋግ ውስጥ እንዳለ አጥር ድብዝዝ እንዳለች ናት። ጎማዋን ደግሞ ገፋት። ምንም የለም። ገፋት። ቀጥ አለች። ወደ ኋላ ሲጎትት ፊደሉ ያንሳል፤ ወደ ፊት ሲመልስ እዚያው ቦታ ደርሶ አሻፈረኝ ይላል።

«ተበላሸች» አለ በሹክሹክታ።

ከዚያ ራሱን ለማጽናናት ምክንያት ፈለገ። ይህን ሁሉ ዓመት ጎማዋን ወደ ፊት ብቻ ነው የገፋት። ጫማ በአንድ ጎኑ እንደሚያልቅ እሷም በወዲያ በኩል አልቃ ይሆናል። ነገሩ ልክ መሰለው። ማውሷን አንስቶ እፍ አለባት። ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አደረጋት። ገልብጦ በሸሚዙ ጫፍ ሆዷን ጠረገ። ሞከረ፤ ያው ናት። ገመዷን ነቅሎ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለ ሌላ ቀዳዳ በጣቱ ዳብሶ ሰካው። ያው ናት። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳው፤ እስኪነሳ ድረስ መብራት እንዳይሄድ እየጸለየ። ያው ናት።

ዘሩ ሲገባ ሕዝቅኤል ላብ አጥምቆት አገኘው።

«ምነው ሕዝቄ? አመመህ እንዴ?»

«ምንም። ማውስ ናት፣ ስክሮሏ አስቸገረኝ። ምሳ ስትወጣ ያንተን ለአንድ አፍታ ብሞክራት?»

«አሁኑኑ ውሰዳት እንጂ» አለ ዘሩ።

«የለም፣ የለም። ምሳ ሰዓት ይሁን።»

ሰው ሲወጣ የዘሩን ማውስ ሰካ። ኮንትሮልን ተጭኖ ጎማዋን ገፋ። ፊደሉ እዚያችው ቦታ ደርሶ ቆመ። ሕዝቅኤል እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ከማውሷ ላይ አነሳ። ሁለት ማውስ በአንድ ቀን አይበላሽም። ወይ ኮምፒውተሩ ታሟል፣ ወይ ቫይረስ ገብቶ ከእሱ ወደ ዘሩ ማውስ ተላልፏል። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ይበልጥ አስደነገጠው፤ የሰው ንብረት አበላሸሁ ብሎ። ቶሎ ነቅሎ የዘሩ ጠረጴዛ ላይ፣ እንደነበረች አቅጣጫዋን ሳይቀር አስተካክሎ መለሳት።

በመንግሥት ቤት ያለ ሰው የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ በስምህ የወጣ ንብረት አይከፈትም። ከከፈትከው ያበላሸኸው አንተ ነህ። ሕዝቅኤል ይህን ሕግ በሥራ ዘመኑ አንድ ቀን ጥሶት አያውቅም። የዚያን ቀን በሩን ዘጋ፣ ማውሷን ገለበጠ፣ ተለጣፊ ወረቀቷን ልጦ ከሥሩ የተደበቀችውን ብሎን በጥፍሩ አገኛት። የቢላ ጫፍ ተጠቅሞ ፈታት። ክዳኑ ሲላቀቅ ጠቅ አለ፤ ያ ድምፅ ኮሪደሩን ሁሉ የሞላው መሰለው። በጎማዋ እንዝርት ላይ ፀጉርና የጨርቅ ብናኝ ተጠምጥሟል። ማየት ስላልቻለ በጣቱ ዳብሶ ነው ያወቀው። ተስፋ አደረገ። ብናኙን በመርፌ እየለቀመ አወጣ፣ ከመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑ አልኮልና ጥጥ አምጥቶ ጠራረገ፣ ገጥሞ ዘጋት። ጎማዋ አሁን እንደ አዲስ ትሽከረከራለች። ሰካት፣ ኮንትሮልን ተጫነ፣ ገፋ።

ቆመ። እዚያው ቦታ።

የቀረችው ኮንትሮል ናት። ቁልፏን ከኪቦርዱ ነቀላት፣ ከሥሯ የወደቀ ፍርፋሪ ጠረገ፣ መልሶ ገጠማት። አልሆነም። በቀኝ በኩል ያለችውን ሌላዋን ኮንትሮል ሞከረ። አልሆነም። ሕዝቅኤል እጆቹን ጭኑ ላይ ጣለ። ነገ በዚህ ሰዓት ወይዘሮ አስቻለችና ኮሚቴዋ ከኋላው ይቆማሉ፣ «ይህን አንብብ» ይሉታል፣ እሱም አያነብም። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልቻለም።

ዘሩ ተረከዙን እየጎተተ ተመለሰ። «ሕዝቄ፣ ስቃይህን አይቼ ኪያን ጠርቼልሃለሁ። እየመጣች ነው።»

ኪያ የአይሲቲ ባለሙያዋ ናት፤ ከወለጋ ተመድባ የመጣች፣ ለሰው ሁሉ ትሑት፣ ለኮምፒውተር ግን ምሕረት የሌላት ልጅ። ሕዝቅኤል «ተዋት፣ አያስፈልግም፣ ደርሳ ነበር እኮ ልትስተካከል» እያለ ሲነሳ በሩ ላይ ደረሰች። እሱ ከወንበሩ እንደተነሳ እሷ ቁጭ አለች። ፊደሉን ወደ ልኩ ለመመለስ ጊዜ አላገኘም። ስክሪኑን ሞልታ የተቀመጠችው አንዲት ቃል እንደዚያው ቀረች።

ኪያ ስክሪኑን አየች። ከዚያ «ጋሼ ሕዝቅኤል፣ ምኗ ነው እምቢ ያለው?» አለችው።

«ጎማዋ። ወደ ፊት አትሄድም። በወዲያ በኩል አልቃለች መሰለኝ።»

ሌላ ገጽ ከፍታ ጎማዋን ወደ ላይ ወደ ታች አሽከረከረች። «ትሠራለች እኮ ጋሼ። እንዲያውም ከኔዋ ትሻላለች።»

«እሱን አይደለም... ፊደሉን ስታተልቅ ነው» አለ፤ ብሎም ምላሱን ሊነክስ ፈለገ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ኪያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። ኮንትሮልን ተጭና ጎማዋን አንድ ጊዜ ገፋ፣ አንድ ጊዜ ጎተት አደረገች። «እህ! ጋሼ፣ ምንም አልተበላሸም። መጨረሻው ላይ ደርሶ ነው። አምስት መቶ ፐርሰንት ነው፤ ዎርድ ከዚህ በላይ አያተልቅም።»

«መጨረሻ አለው?»

«አለው እንጂ። ይኸው እዚህ ጥግ ላይ ተጽፏል።»

«የቱ ጥግ?» አላት።

ዘሩ ወረቀት ማገላበጡን አቆመ። ቁጥሩ በስክሪኑ ግርጌ፣ በቀኝ በኩል፣ በደቃቅ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ ጎማዋ የቱንም ያህል ብትዞር እሱ አይተልቅም። ሕዝቅኤል ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ መኖሩን አላወቀም። ኪያ ጣቷን ከስክሪኑ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

«ማውሷን ልቀይርልዎ እችላለሁ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኮምፒውተሩንም ልቀይርልዎ እችላለሁ። ግን...» አልጨረሰችውም።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለ ሕዝቅኤል። «ልጄ፣ በፈጠረሽ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

«አልነግርም» አለች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ሲሸሽ የኖረው እሱ ግን የሚሸሽበት መሬት አለቀበት። በዚያች ሌሊት አልተኛም። ማውስ ቢሆን ይቀየራል፣ ቫይረስ ቢሆን ይጠፋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመካኝበት ዕቃ አጣ። ጠዋት ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት የወይዘሮ አስቻለች በር ላይ ሄዶ ቆመ። አንኳኩቶ ሲገባ ጠረጴዛው የት እንደሚጀምር ስላልለየ እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ነበር።

«ዐይኔ አያይም» አላት፣ ቆሞ ሳለ። «ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ዛሬ ብፈተን አላልፍም።»

ወይዘሮ አስቻለች ወንበሯን ስታንቀሳቅስ ሰማ። «ይቀመጡ አቶ ሕዝቅኤል» አለች። ቀጥላም «ፈተናዎ ይቆያል፤ መጀመሪያ ይታከሙ። ስለ ቦታዎ ግን ዛሬ ምንም ቃል ልሰጥዎ አልችልም፤ ኋላ ዋሸችኝ እንዲሉ አልፈልግም» አለችው። እውነቷን ነው። ከዚያ ዘሩን አስጠራችውና ሐኪም ቤት እንዲያደርሰው ነገረችው። በዚያው አፏ «ዘሩ፣ መንገድ ላይ ደረጃ ይወርዳል እሱ? ብቻውን ይራመዳል?» ብላ ጠየቀችው።

ሕዝቅኤል ከሁለቱ መሀል ቆሟል። ክፋት አልነበራትም፤ አዝና ነው። እሱ ግን ፊቱ ላይ ውኃ የተደፋበት ያህል ደነገጠ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። «እወርዳለሁ» አለ፣ ያልተጠየቀውን እየመለሰ።

የዐይን ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም። ከቢሮው ተነስቶ አሮጌውን ማረፊያ ላቋረጠ ሰው አንድ ወሬ ሳያልቅ የሚደረስበት ነው። ነርሷ፣ ሱአድ ትባላለች፣ የዐይኑን ቆብ ገልብጣ ባትሪ እያበራች ለረጅም ጊዜ አየችው። ሕዝቅኤል ትንፋሽዋን ፊቱ ላይ ይሰማዋል።

«መቼ ጀመረዎ አባቴ?»

«ቆየት ብሏል።»

«በወረንጦ ሲነቅሉ ነው የኖሩት?»

«አዎ።»

«እንግዲህ» አለች ሱአድ፣ ባትሪውን አጥፍታ። «ቆቡን ዛሬውኑ እናቃናዋለን፤ ከባድ ነገር አይደለም፣ ማደንዘዣ ወግተን ቶሎ ነው የሚያልቀው። ከእንግዲህ ፀጉሩ አይወጋዎትም፤ ያለችዎ ብርሃንም ትቆይልዎታለች። ግን ፀጉሩ እየፋቀ ብሌኑ ላይ ጠባሳ ሠርቷል። ጠባሳውን የሚያነሳ ነገር እዚህ የለንም። ሌላ ቦታ ልጽፍልዎ እችላለሁ፤ ተስፋው ብዙ ነው ብዬ ግን አልዋሽዎም። ያኔ ሲጀምር መጥተው ቢሆን...» አለችና ተወችው።

እሱ በሐሳቡ ጨረሰው። ያኔ ማለት ሰልፉ ከአስፋልቱ ዳር የነበረ ጊዜ ነው። ሐኪሞቹ የመጡት ለዚችው ለቀላሏ ነገር ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሕዝቅኤል ግን ይብሳል፤ መድኃኒቱ በድምፅ ማጉያ በስሙ ያህል እየጠራው ነው የሸሸው።

ተራው እስኪደርስ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ከዘሩ ጋር ተቀመጡ። ሞተር ብስክሌቶች ሲያልፉ ይሰማል። ሕዝቅኤል እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ከትቶ «ትናንት ኪያ ስትነግረኝ አልደነገጥክም» አለ። «ዝም ነው ያልከው።»

ዘሩ ተረከዙን መሬት ላይ ፋቀ። «ምን ልበል?»

«ታውቅ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቅ ነበር ሕዝቄ። የውኃ ማጣሪያውን ከበሩ ሥር ለምን ያነሳን ይመስልሃል? ሁለት ጊዜ ስትደናቀፍበት አይተን ነው። ረቂቁን ስታስነብብ የምትጽፈው ስክሪኑን ሳታይ እንደሆነ ማን ያጣዋል?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሕዝቅኤል ይህን ሁሉ ዓመት ኮቴ ሲያዳምጥ፣ ጎማ ወደ ኋላ ሲጎትት፣ ዕንባውን በአቧራ ሲያሳብብ የደበቀው ምሥጢር የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ መታወቁን ያላወቀው እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተሰማው እፍረት ነው፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። እፍረቱ ሳይበርድ ሌላ ነገር መጣ፣ ከሃና ዘመን ጀምሮ በውስጡ መኖሩን የማያውቀው ቁጣ።

«ዘመቻው የመጣ ጊዜስ?» አለ። «ያኔም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ልነግርህ ተነስቼም ነበር። ጠረጴዛህ ድረስ መጣሁ። ከዚያ... እንዳታፍርብኝ ብዬ ፈራሁ። ይሉኝታ ይዞኝ ተመለስኩ።»

ሕዝቅኤል ከመቀመጫው ተነሳ። ደጁ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩት፤ እሱ ግን መታየቱን አላሰበም።

«ለምን አላሳፈርከኝም!» ብሎ ጮኸ። «ዘሩ፣ ለምን አላሳፈርከኝም! አፍሬም ቢሆን ማየት ይሻለኝ ነበር እኮ!»